የሆርሞን የወሊድ መቆጣጠሪያ የጤና ስጋት በታሪክ ሚዛን፦ ከነጌሌ ቦረና እስከ ሞያሌ

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በፊልቱ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ስለ ሦስት ወሩ መርፌ ምክር ሲሰጥ ሁለት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይችላሉ፦ «የወር አበባዬ ሲቀር ደሙ የት ይጠራቀማል?» እና «መርፌውን ብተው መውለድ እችላለሁ?»። ጥያቄዎቹ የአላዋቂነት ምልክት ተደርገው መታለፍ የለባቸውም። የሕክምናው ዓለም ራሱ ስለ እነዚህ ሆርሞኖች ጉዳት መመርመር ከጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የወሊድን ጊዜ መወሰን ለአካባቢው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አስመሮም ለገሰ ስለ ገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ በቦረና ባህል አንድ ወንድ የተወሰነ የገዳ እርከን ላይ ሳይደርስ ልጅ ማሳደግ አይፈቀድለትም ነበር። ዘመናዊው ዘዴ ያመጣው ለውጥ ጉዳዩን ከማኅበረሰቡ ደንብ ወደ ሴቷ ሰውነት ማዛወሩ ነው። ስለዚህም የጉዳቱ ጥያቄ የእርሷ ጥያቄ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ለወሊድ መቆጣጠሪያነት የተፈቀደው የመጀመሪያው እንክብል፣ ኤኖቪድ፣ 150 ማይክሮግራም ኢስትሮጅን ነበረው። ብዙም ሳይቆይ በተጠቃሚዎች ላይ የደም መርጋት ታየ። በ1969 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ኢስትሮጅን የያዙ እንክብሎች እንዳይታዘዙ መከረ፤ ዛሬ የሚሰጡት አብዛኞቹ ጥምር እንክብሎች 35 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች የያዙ ናቸው። መርፌውም የራሱ ታሪክ አለው። በውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ የጡት ዕጢ በመታየቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1978 ፈቃድ ነፈገው፤ በሴቶች ላይ የተሰበሰበው መረጃ ከተመረመረ በኋላ ግን በ1992 ፈቀደለት። በ2004 ደግሞ ስለ አጥንት መሳሳት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ታከለበት።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መቆጣጠሪያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። ያም ሆኖ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ተመሠረተ። በ1993 የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ክልከላው እንዲነሣ አቅጣጫ አስቀመጠ፤ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም አገልግሎቱን ወደ ቀበሌ ጤና ኬላ አደረሰ። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ ካገቡት ሴቶች 36 በመቶው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የመርፌ ተጠቃሚዎች ነበሩ። በሶማሌ ክልል ግን ተጠቃሚዎቹ ከ2 በመቶ በታች ነበሩ።

በመርፌው ላይ የሚነሣው ጥያቄ በዚህ አላበቃም። ለኤች አይ ቪ መያዝን ያባብሳል የሚለው ስጋት ለዓመታት ካከራከረ በኋላ፣ በአራት የአፍሪካ አገሮች በ7,829 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት በ2019 ውጤቱ ሲገለጽ በተነጻጸሩት ዘዴዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። በ2024 ደግሞ ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ መጠቀም ሜኒንጂዮማ ከተባለው የአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር ግንኙነት እንዳለው አመለከተ፤ ዕጢው ግን በራሱ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ነው።

ስጋት የሚመዘነው ከሌላ ስጋት ጋር ነው። ከ10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የደም መርጋት የሚያጋጥማቸው፣ ነፍሰ ጡር ባልሆኑና እንክብል በማይወስዱት ከ1 እስከ 5፣ ጥምር እንክብል በሚወስዱት ከ3 እስከ 9፣ በእርግዝና ጊዜ ከ5 እስከ 20 ሲሆኑ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት 12 ሳምንታት መጠኑ ከ40 እስከ 65 ይደርሳል። ከዚህ ጋር በ2016ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ እንደነበር መታወስ አለበት። ከብት ተከትላ ከሆስፒታል በራቀ ስፍራ ለምትኖር ሴት ያልታሰበ እርግዝና የሚያስከትለው አደጋ ቀላል አይደለም።

ይህ ማለት ግን መርፌው ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም። የደም ግፊቷ 160/100 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሴት ጥምር እንክብል አይሰጥም፤ መርፌውም በአብዛኛው አይመከርላትም። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት የእንክብሉ መከላከል ይዳከምባታል፤ መርፌው ግን በዚህ መድኃኒት አይነካም። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጃገረዶች የአጥንቱ ጉዳይ ሊነገራቸው ይገባል። በቀጠሮዋ ቀን በጉዞ ላይ የነበረች ሴት እስከ አራት ሳምንት ብትዘገይም መርፌው ሊሰጣት ይችላል።

ለሁለቱ ጥያቄዎችም ግልጽ መልስ አለ። ደሙ የትም አይጠራቀምም፤ የማሕፀኑ ሽፋን ስለሚሳሳ የሚፈስ ደም አይኖርም። መርፌው መካን አያደርግም፤ ነገር ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ አሥር ወር ያህል ሊወስድ ይችላል። ልጅ የቤቱ ተስፋ በሆነበት አገር ይህን መዘግየት አስቀድሞ ያልሰማች ሴት መካን የሆነች ይመስላታል፤ ወሬውም ወደ ጎረቤቶቿ ይደርሳል። ባለሙያው እውነቱን ከመርፌው በፊት መንገር ያለበት ስለዚህ ነው።