የሚትራል በር፦ ከሉንድ እስከ ጎጃም ደጋ

በጎጃም ደጋ ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም «ቶንሲል ነው» ይባላል፤ እንጥሉን የሚያስቆርጡለትም አሉ። ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ መጥቶ ፔኒሲሊን ካላገኘ ግን ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር የልብን በሮች ይጎዳል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው በግራ በኩል ያለውን ሚትራልን ነው።

ፈረንሳዊው ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ማዳመጫን ከፈለሰፈ ጀምሮ ሐኪም ይህን በር የሚያውቀው በጆሮው ነበር። በስዊድን ሉንድ ይሠራ የነበረው ኢንጌ ኤድለር፣ ሚትራላቸው የጠበበ ሕሙማንን ለቀዶ ሕክምና ሲመርጥ ጆሮው አልበቃ አለው። ከፊዚክስ ሊቁ ከሄልሙት ኸርትዝ ጋር ሆኖ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ መሣሪያ ደረት ላይ አሳርፎ፣ በጥቅምት 1953 እ.ኤ.አ. የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ማሚቶ ቀረጸ። ስለዚህ ኢኮ የሚባለው ይህ የልብ አልትራሳውንድ ሲወለድም የተወለደው ለዚሁ ለጎጃሙ በሽታ ነው። ከስዊድን ግን በሽታው ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ዛሬ ምርመራው ከአልጋው አጠገብ ይደረጋል። ፕሮብ የሚባለው የመሣሪያው መዳሰሻ በደረት ግራ፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ሲያርፍ ጤነኛ ሚትራል ወለል ብሎ ሲከፈት ይታያል። የተጎዳው ግን ጫፎቹ ስለተጣበቁ የፊተኛው ክንፉ እንደታጠፈ ጉልበት ይጎብጣል፤ ደም ማለፊያ ሲያጣ የልብ የግራው የላይኛው ክፍል ይለጠጣል። ጤነኛው ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ከባድ ነው። ቲቢ በልብና በሳንባ ዙሪያ ውኃ ሊያጠራቅም ስለሚችል፣ በሽታው በበዛበት አገር ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ፦ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውኃ ወራጁ አኦርታ ከሚባለው ትልቅ የደም ሥር ፊት ከሆነ በልብ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ከኋላው ከሆነ በሳንባ ሽፋን ውስጥ። ይህን የማይለይ ዓይን ያለው ሰው መሣሪያ ቢይዝም አልመረመረም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ከ1,000 ተማሪዎች የሚትራሉ በሽታ ያለባቸውን በማዳመጫ 2 ያህል ብቻ አገኘ፤ በአልትራሳውንድ ግን በካምቦዲያ ከ21፣ በሞዛምቢክ ከ30 በላይ። በኋላ በጅማና በኬፕ ታውን ምንም ሕመም የማይሰማቸው 4,720 ተማሪዎች ሲታዩ በሽታው የተገኘባቸው ልጆች መጠን በጅማ በልጦ ታየ።

በጎጃም ብዙዎች የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ሴቷ ስታረግዝ ትንፋሽ አጥሯት፣ ገበሬው ዳገት አልወጣ ብሎት። ቀዶ ሕክምና የሚያሻው ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዐባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። እዚያ በጥቁር አንበሳ ግቢ እነዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ የደከሙለት የልብ ማዕከል አለ፤ ተራው ግን ረጅም ነው።

የኡጋንዳ ሐኪሞች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። በሽታው በአልትራሳውንድ ገና በጠዋቱ የታየባቸው ልጆች በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ሲወጉ፣ በ2 ዓመት ውስጥ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ካልተወጉት 8.2 በመቶ። እንግዲህ ፕሮቡ ሆስፒታል ተቀምጦ መጠበቅ የለበትም። በጠባብ ጎጆ ተጨናንቀው ከሚያድሩት የዲማና የመርጡለ ማርያም የቆሎ ተማሪዎች ይጀምር፤ ከዚያ በጮቄ ተራራ ግርጌ ወዳሉት ትምህርት ቤቶች ይውጣ። መርፌውም ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ አይጥፋ።