የአጥሩ አበባና የተዘነጋችው ሴት

በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ፣ በአስመራና በናይሮቢ ቡገንቪላ ያልተንጠላጠለበት ሰፈር አይገኝም። ከአጥር አጥር እየተሻገረ፣ ሐምራዊና ቀይ ለብሶ ዓመቱን ሙሉ የሚታይ በመሆኑ ብዙ ሰው የአገሩ ተወላጅ ያደርገዋል። የትውልድ አገሩ ግን ደቡብ አሜሪካ ነው። በሳይንስ መዝገብ የሰፈረበት ታሪክም ስሟ ለረጅም ዘመን ከተዘነጋ አንዲት ሴት ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1766 ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል የተባለው ፈረንሳዊ መኮንን ዓለምን ለመዞር ጉዞ ጀመረ። ተከታይ በሆነችው “ኤትዋል” በተባለችው መርከብ ላይ ፊሊቤር ኮመርሶን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ከአንድ ረዳት ጋር ተሳፈረ። ረዳቱ ግን ወንድ አልነበረም። በቡርጎኝ ገጠር ከድሃ ቤተሰብ የተወለደችው ዣን ባሬ ነበረች። የጊዜው ደንብ ሴት በንጉሡ መርከብ እንዳትጓዝ ይከለክል ስለነበር የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ጡቷን በጨርቅ ጠፍራ ነበር የተሳፈረችው።

መርከቦቹ በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲደርሱ ኮመርሶን እግሩን ክፉኛ ታምሞ ነበር። ዕቃ ተሸክማ፣ ዳገት ወጥታ፣ ዕፅዋት የምትለቅመው ባሬ ነበረች። ቡገንቪላ የተሰበሰበው በዚያ ቆይታ ነው። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ የቆረጠችው እርሷ ናት የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ይህ በማስረጃ ባይረጋገጥም ከሁኔታው የራቀ ግምት አይደለም። ተክሉ ግን የተሰየመው በአዛዡ ስም ሆነ፤ ስያሜውም በ1789 በዡስዩ መጽሐፍ ታትሞ ጸና።

በ1768 በታሂቲ ማንነቷ ታወቀ። ከኮመርሶን ጋር በሞሪሸስ ወረደች፤ እርሱም በ1773 በዚያው አረፈ። እርሷ ትዳር መሥርታ ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1785 የባሕር ኃይል ሚኒስቴር በዓመት 200 ሊቭር ጡረታ ቆረጠላት፤ በ1807 ዐረፈች። ኮመርሶን በስሟ ሊጠራው ያሰበው ተክል ቀድሞ ሌላ ስም ተሰጥቶት ስለነበር ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ።

ተክሉን የሚያሳድግ ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። አበባ የሚመስለው ደማቅ ክፍል አበባ ሳይሆን ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነገር ነው፤ ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። ጠንካራ ቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከል ይራባል፤ ሙሉ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። ውኃ ከበዛበት ቅጠል እንጂ ቀለም አይሰጥም፤ ጥቂት ሲጠማ ግን ይደምቃል። አበባው ሲያልቅ መገረዝ ይገባዋል፤ እሾሁ ስለታም ስለሆነ ገራዡ እጁን መጠበቅ አለበት።

በ2012 ተመራማሪዎች ከድንችና ከቲማቲም ወገን የሆነ አንድ የደቡብ አሜሪካ ሐረግ በባሬ ስም ሰየሙ። ከሞተች 205 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አበው “ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው” ብለዋል። አጥር የሚያጥረው እሾሁን አግኝቷል፤ ሥራውም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ሠሪውን አገኘ።