ከቅራሪ እስከ ቢራ

«አባዬ፣ አንተ መጀመሪያ የጠጣኸው በስንት ዓመትህ ነው?» አለኝ ልጄ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከጓደኛው ልደት ቢራ ቢራ እየሸተተ መጥቶ፣ እኔም ፊቴን አጥቁሬ ልቆጣው ተሰናድቼ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ» አልኩት። ዋሸሁ።

እውነቱ ወዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ባዶ ጠርሙስ አስይዞ ጎረቤት አረቄ ሻጯ ዘንድ ይልከኛል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ውታፉን ነቅዬ ፉት አልኩ። ጉሮሮዬ ነደደ። አባቴ ጠርሙሱን ተቀብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ማወቁን አወቅሁ። ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱም ያንኑ ጠርሙስ አስይዞ ላከኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየልቦለዱ ስላለው ሰካራም ሰዓት ሙሉ የማወራ ሰው፣ ለገዛ ልጄ ሲሆን ቃል አጣሁ። ይህ ዝምታ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

መቼም መጠጥ በአገራችን ሥርዓት ነበረው። ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ኖሯል። በአፄ ምኒልክ ግብር ላይ ማን በብርሌ፣ ማን በዋንጫ እንደሚጠጣ በማዕርጉ ይታወቃል። አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ ራሱ ይቀምሳል፤ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነው። በገበሬው ቤት ደግሞ ጠላው ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለደቦ ይጠመቃል። ለልጅ የሚደርሰው ቅራሪ ነው፤ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ። ማር ያለው ቤት ብርዝ ይሰጠዋል።

ይህን የምለው የድሮውን ለማሞገስ አይደለም። ቅራሪም ቢሆን አልኮል አያጣውም፤ ጠላውንም የሚያስቀምስ ወላጅ ሞልቶ ነበር። ዳሩ ግን ልጁ የሚቀምሰው እናት አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ እያዩት ነው። የሚከለክለው ምክር ሳይሆን ዓይን ነበር። ዓይን ስለነበረ አፍ ሥራ ፈታ።

ከተማው ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ደጃፉ ላይ ጣሳ በእንጨት የሰቀለ ጠላ ቤት፣ ከዚያም ጠጅ ቤቱ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1922 አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎች ለሄኒከን፣ በ2004 ሜታ አቦ ለዲያጆ ተሸጡ። ከዚያ ወዲያማ ቢራው በቴሌቪዥን ገብቶ ሳሎናችን ተቀመጠ። የስሜኑን ዋልያ ሳያውቅ የጠርሙሱን ዋልያ ያወቀ ሕፃን ስንት ነው? አብረን እያየን ነበር፤ አሁንም ዝም ብለን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ደግ ሕግ ነው። ግን ሕጉ ለሻጩ ይናገራል እንጂ ማታ ልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አያወጋውም። ያ የእኔ ፋንታ ነው። ልጆቻችን ከሽማግሌ ዓይን ርቀው ይጠጣሉ፤ እኛ ግን ዓይኑ ከሄደ በኋላም አፋችንን እንደዘጋን ቀርተናል።

የዝምታን ዋጋ ቤቴ ያውቀዋል። ታላቅ ወንድሜም በልጅነቱ ያንን ጠርሙስ ይዞ ተልኳል። እኔ ተመለስኩ፤ እሱ አልተመለሰም። ሲሞት 38 ዓመቱ ነበር። ለቅሶው ላይ «ጉበቱን አሞት» አልን። እውነት ነው፤ ጉበቱን ምን እንዳሳመመው ግን ማናችንም አልተናገርንም። ልጄም አጎቱን የሚያውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

እናም ከሁለት ቀን በኋላ ልጄ ክፍል ገባሁ። «ዋሽቼሃለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አልኩት። የአጎቱን ነገር ሳልሸፋፍን ነገርኩት። የሰው አንጎል ሃያዎቹን እስኪያጋምስ ድረስ እንደሚያድግ፣ በልጅነቱ የጀመረ ሰው በመጠጥ የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል ነገርኩት። «እንዳትጠጣ። ከተሳሳትክ ግን፣ ወይም የጠጣ ሰው በመኪና ላድርስህ ካለህ፣ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ። መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ቁጣው ለነገ ይደር» አልኩት።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ነገር ግን ምሳሌ አያሻውም፤ በግልጹ ነው የሚነገረው።

ልጄ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ «አያቴ ያኔ ለምን አልተቆጣህም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እሱንም በልጅነቱ የነገረው የለማ!» አልኩት።