የለጋነት ጥርስ መበስበስ

የሁለት ዓመት ልጅ የፊት ጥርሶች ጠቁረው ሲታዩ በየቤቱ የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «የወተት ጥርስ አይደል? ይወልቃል።» ይወልቃል፣ እውነት ነው። ግን የኋላ መንጋጋዎቹ የሚወልቁት ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁ የሚያኝክባቸው፣ ሲታመሙም እንቅልፍ የሚያጣባቸው እነሱ ናቸው።

የሕክምናው ዓለም ይህን ሕመም በእንግሊዝኛ «ኧርሊ ቻይልድሁድ ኬሪስ» ይለዋል። ስድስት ዓመት ካልሞላው ልጅ የወተት ጥርሶች አንዱ እንኳ ቢበሰብስ፣ በመበስበስ የተነሳ ቢነቀል ወይም ቢሞላ በዚህ ስም ይጠራል። ጥርሱ ገና ሳይቦረቦር ነጭ ምልክት ብቻ ቢወጣበትም እንደ ሕመም ይቆጠራል።

እኔ «የለጋነት ጥርስ መበስበስ» ብዬዋለሁ። «ጨቅላ» የሚለውን የተውኩት ሐኪሞቻችን ለአራስ ልጅ ስለለዩት ነው፤ አራስ ደግሞ ጥርስ የለውም። «የወተት ጥርስ መበስበስ» ብንል ደግሞ ያው «ይወልቃል» ተከትሎ ይመጣል። «ለጋ» ግን ገና ያልጠናውን፣ በቀላሉ የሚቀጠፈውን ያስታውሳል።

ሕመሙ ቀድሞ ሌላ ስም ነበረው። ኤልያስ ፋስ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ጡጦ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ስለሚተኙ ሕጻናት ጥርስ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በጡጦ ስም ሲጠራ ቆየ። አሁን ያለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በተካሄደ ዐውደ ጥናት ነው። ጡጦ ይዘው ተኝተው ጥርሳቸው ደህና የሆነ ልጆች አሉ፤ ጡጦ ሳይዙ የታመሙም አሉ። የስሙ መለወጥ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ጡጦን የሚከስ ስም ዞሮ ዞሮ እናትን ይከሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፣ አሲዱም የጥርሱን ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ ይህን እያጠበ ይመክታል፤ ሌሊት ግን ምራቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ስኳር የገባበት ሻይ ወይም ጭማቂ በጡጦ እየጠባ የሚተኛ ልጅ ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ ይጠቃል። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስና ምራቅ ስለሚከልሏቸው ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኞቹ ይጀምራል። የልጁን የላይኛ ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ድዱ ሥር ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር ካለ ገና ሊመለስ ይችላል፤ በፍሎራይድ ይጠነክራል። ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ ግን ሐኪም የግድ ነው።

ስለዚህ ሕመም በአማርኛ ስንጽፍ ስም የሚያስፈልገው ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ቃል «ኬርጊቨር» ነው። ብዙዎች «ተንከባካቢ» ይሉታል፤ ለኔ የቢሮ ቃል ነው። «አሳዳጊ» ይሻላል። አያትን፣ አክስትን፣ ሞግዚትን፣ ታላቅ እህትን ሁሉ ይይዛል፤ ልጁን ማታ የሚያስተኛውም ብዙ ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነው። ሥራ የምትውል እናት ጡጦው ውስጥ ምን እንደገባ ላታውቅ ትችላለች። ባክቴሪያው ራሱ ከአሳዳጊው አፍ ወደ ልጁ የሚሻገረው በምራቅ ነው፤ ማንኪያውን ቀምሶ መልሶ ማጉረስ አንዱ መንገድ ነው። ይህን የምለው አያቶችን ላሳቅቅ አይደለም። አያትየው የራሷን የተበላ ጥርስ ብትታከም ልጁም ይጠቀማል።

አሳዳጊ ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሮ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ ያጥባል፤ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው መጠኑ የአተር ፍሬ ያህላል። ከማታው እጥበት በኋላ በጡጦ የሚሰጠው ውኃ ብቻ ነው። ጡት ግን አይከለከልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተቅማጥ የያዘውን ሕጻን ድድ እየቀደዱ «ግግ» የሚያወጡ አሁንም አሉ። የሚወጣው ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ተቅማጡንም አያድንም፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።