የተወጋው እግር፡- የቅዱስ ያሬድ ሥዕል ምን ያስተምረናል?

በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና በብራና መጻሕፍት ላይ ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ፊት ቆሞ ሲዘምር ተሥሎ እናያለን። መቋሚያና ጸናጽል ይዟል፤ ከበላዩ ሦስት አዕዋፍ ይታያሉ፤ የዐፄ ገብረ መስቀል ጦር ደግሞ በቅዱሱ እግር ላይ ተተክሏል። ታሪኩን ያልሰማ ሰው ሥዕሉን ሲመለከት ንጉሡ ቅዱሱን ሲያሠቃየው ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሥዕሉ የሚነግረን ሌላ ነው።

ታሪኩ

ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ያስረዳል። ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ስንክሳር እንደ ተጻፈው፣ ቅዱሱ ከንጉሡ አጠገብ ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ሳያውቅ ጦሩን በእግሩ ላይ ተከለው። ደሙም ፈሰሰ፤ ቅዱስ ያሬድ ግን ማኅሌቱን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም። ንጉሡ ይህን ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ ስለ ፈሰሰው ደሙ የወደደውን እንዲለምነው ነገረው። ቅዱሱ ወርቅና ሹመት አልጠየቀም፤ በምናኔ ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ለመነ እንጂ። ንጉሡ እያዘነ ፈቀደለት፤ እርሱም ወደ ስሜን ተጓዘ።

የምልክቶቹ ትርጓሜ

ሦስቱ አዕዋፍ ከገነት ተልከው ሰማያዊውን ዜማ ያሰሙት ናቸው። ሊቃውንት ሦስቱን ዜማዎች ማለትም ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በምሥጢረ ሥላሴ ይመስሏቸዋል። በአንዳንድ ሥዕሎች በዛፍ ላይ የምትወጣ ትል ትታያለች፤ እርሷም ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ከላይ በመድረሷ፣ ትምህርት ጠንቶበት ለነበረው ለሕፃኑ ያሬድ ጽናትን ያስተማረችው ናት።

የፊት አሣሣሉም ይነበባል። በጥንታዊው የሀገራችን አሣሣል ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ አሳዳጆችና ርኩሳን መናፍስት በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በዚህ ሥዕል ንጉሡ በሁለት ዐይን መሣሉ፣ እርሱም በምስጋናው የተመሰጠ እንጂ አሳዳጅ አለመሆኑን ያመለክታል።

ሠዓልያኑ ከቅዱሱ ዘመን ብዙ ቆይተው የተነሡ ናቸውና ልብሱንና ዕቃውን በየዘመናቸው ባዩት መልክ ሥለዋል። ስለዚህ ከሥዕሉ የምንፈልገው የመልኩን ቅጂ ሳይሆን የሕይወቱን ምስክርነት ነው።

ለእኛ

የሥዕሉ ልብ የተወጋው እግር ነው። ቅዱስ ያሬድ በጦር ተወግቶ ልቡ ከምስጋናው አልተለየም፤ እኛ ግን ማንም ሳይወጋን በቅዳሴና በማኅሌት መካከል ልባችን ወደ ገበያና ወደ ስልካችን ይሄዳል። ድምፅን ማሳመር መልካም ነው፤ ከሥዕሉ ፊት ስንቆም ግን ልንጠይቅ የሚገባን ልባችን የት እንደ ቆመ ነው።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።