የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በጀውሃ

ትራንዚስተር ሬዲዮ
ፕላስቲክና ብረት፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ

ወጋየሁ ንጋቱ ስመ ጥር የመድረክ ተዋናይ ነበር። መድረኩ ግን አዲስ አበባ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብሎ በደሴ መንገድ ላይ ለሚገኘው የጀውሃ ነዋሪ ቴአትር ቤት ሩቅ ነበር። ተዋናዩን ቆላው ድረስ ያደረሰው እንዲህ ያለ ሬዲዮ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተረከው። ያለ አልባሳት፣ ያለ መብራት፣ በድምፁ ብቻ ፊታውራሪ መሸሻን አስቆጣ፤ ጉዱ ካሳን አናገረ፤ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን አስለቀሰ። ፊደል ያልቆጠረ አድማጭም ልብ ወለዱን ከነገጸ ባሕርያቱ አወቀው።

ከጀርባ ያለውን የድንጋይ ማስቀመጫ ይመልከቱ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ለምሽቱ ትረካ ይቆጠብ ነበር።

ወጋየሁ ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ ፍቃዱ ተክለማርያም ያሉ የመድረክ ሰዎችም በሬዲዮ የመጽሐፍ ትረካ ተወድደዋል። የወጋየሁ ትረካ ግን ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሞባይል ስልክ እየተገለበጠ ዛሬም ይደመጣል፤ ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው የእሱን ድምፅ ነው።