የማይታየው ቁስልና የተዘነጋው ትምህርት

ጦርነት የሚያቆስለው አካልን ብቻ አለመሆኑ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሞች ይህን የማይታይ ቁስል በሰፊው መመርመር የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል። በ1915 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የሦስት ወታደሮችን ሕመም ሲገልጡ «የመድፍ ድንጋጤ» አሉት። መነሻው የመድፍ ፍንዳታ እንደሆነ ይገመት ነበርና። ብዙ ሳይቆይ ግን ፍንዳታ ካልደረሰባቸው ወታደሮች መካከልም የሚንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው የተዘጋና ማየት የተሳናቸው ተገኙ። በብዙ የጦር አዛዦች ዘንድ ግን ሕመሙ ከፈሪነት ተለይቶ አልታየም። በብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ በመክዳት፣ በፈሪነትና ይህን በመሰሉ ጥፋቶች ተከስሰው የተረሸኑ 306 ወታደሮች ምሕረት የተደረገላቸው በ2006 ነው።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ በገባችበት በ1917 ዶክተር ቶማስ ሳልሞን ወደ ብሪታንያ ተጉዘው የዚያን ሠራዊት ልምድ አጠኑ። ከዚህ ልምድ የተገኘው ሥርዓት በሦስት መሠረቶች ላይ የቆመ ነበር፤ ይኸውም ሕመምተኛውን ከጦር ግንባር ብዙ ሳያርቁ፣ ጊዜ ሳያሳልፉና የመዳን ተስፋ እያሳደሩ ማከም ነው። መድኃኒቱም በአብዛኛው ዕረፍት፣ እንቅልፍ፣ ትኩስ ምግብና የሚያዳምጥ ሐኪም ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ይህ ዕውቀት ተዘነጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ይታመማሉ የተባሉትን በምልመላ ጊዜ ለይቶ ማስቀረት ይበቃል ብሎ በማመኑ፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን በአእምሮ ጤና ምክንያት አስቀረ። ሆኖም በ1943 በቱኒዚያ ግንባር ተመርጠው የዘመቱትም ታመሙ። ያን ጊዜ በግንባር አቅራቢያ የማከሙ ዘዴ እንደገና ተጀመረ። በዚያው ዓመት ጄኔራል ጆርጅ ፓተን በሲሲሊ የጦር ሆስፒታሎች ያገኟቸውን ሁለት ሕሙማን ወታደሮች ፈሪዎች ናችሁ ብለው በጥፊ በመምታታቸው፣ አለቃቸው ጄኔራል አይዘንሃወር ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዟቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የግንባር ሕክምና ዋና ዓላማ ወታደሩን ወደ ጦሩ መመለስ ስለ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ስለሚኖረው ሕይወቱ ብዙም አልታሰበበትም። ይህ ጉድለት ከቬትናም ጦርነት ወዲህ ጎልቶ ታየ፤ ብዙ ዘማቾች ሕመሙ የጸናባቸው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነበርና። ዘማቾቹና የተባበሯቸው ሐኪሞች ባደረጉት ግፊት፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት በ1980 በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አሰፈረ።

በ2007 በዚያው አገር ለቀድሞ ወታደሮች የተቋቋመው የስልክ አገልግሎት፣ ከ2022 ጀምሮ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን በመጫን የሚገኝ ሲሆን፣ ሌት ተቀን ሰሚ ያቀርባል። በዚህም አገልግሎት ውስጥ ቅርበት፣ ፍጥነትና ተስፋ የተባሉት የ1917 መሠረቶች ይታያሉ፤ ዓላማው ግን ሰውየውን በሕይወት ማቆየት ነው።

ስለሆነም ይህን ዕውቀት በሰላም ዘመን መጠበቅና ለተተኪዎች ማስተማር የሙያው ግዴታ ነው። በተዘነጋ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው ዘማቹና ቤተሰቡ ነውና።